የጆሮ ዋጋ

ሰኞ 3

የገበያ ማኅበራችን ሊቀመንበር ዛሬ ጠዋት ሁለት ጄሪካን በረኪና አስይዞ መጣ። አዲሱ የሳንባ በሽታ ከተማው ውስጥ መግባቱን ሬዲዮ የተናገረው ትናንት ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ በሽታው ከውጭ በሚመጣ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ እንደሚገባ ከአንድ ሰው ሰምቷል። ስለዚህ በየሱቁ ያለ የጨርቅ ጣቃ ሁሉ በበረኪና ውሃ ይረጫል።

«የእኔን ጨርቅ ማንም አይረጭም» አልኩት።

«ለጤና ነው እኮ፣ እህቴ።»

«ለጨርቁ ጤና አይሆንም።»

ይህን ሰው ሁላችንም ሜትር ነው የምንለው። ጨርቅ መሸጥ ካቆመ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ መለኪያው ግን ዛሬም ከአንገቱ አይወርድም። እኔን ትቶ ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ አስረጨ። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰማያዊው የተማሪ ልብስ ጨርቅ ዶሮ የጫረችው መሰለ። ፊት ለፊቴ ያለው፣ ከጨርቁ ሌላ የልብስ ቁልፍም ስለሚሸጥ ቁልፍ ሻጭ የምንለው ባለሱቅ አንገቱን አውጥቶ አየና፣ «ግድ የለም፣ ዝንጉርጉር ነው ብለህ አስወድደው» አለው ባለጨርቁን።

ገበያችን ጣሪያ ያለው አንድ ረጅም መተላለፊያ ነው። ግራና ቀኝ ሃያ ስድስት ሱቅ አለ፤ ሁሉም ከአንድ አስመጪ ያመጣል፣ ሁሉም ያንኑ ጨርቅ ይሸጣል። ለዚህ ነው ዋጋ ጮክ ብሎ የማይነገረው። ደንበኛ ጨርቁን ይዳስሳል፣ እኛ ጎንበስ ብለን በጆሮው እንነግረዋለን፣ እሱም በጆሯችን ይመልሳል። የጆሮ ዋጋ ይባላል። ጥሩ ሽያጭ ሰባት ስምንት ጊዜ ከጆሮ ጆሮ ይመላለሳል። እኔንና ታላቅ ወንድሜን አባታችን ያስተማረን ይህን ነው፤ ለእናታችን እንኳ የሚነግራት ዋጋ አልነበረም።

ወንድሜ ጎረቤቴ ነው፤ በመሃላችን አንድ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ብቻ አለ። ጋሼ ነው የምለው። ወጣትነቱን ጥጥ መዳመጫ ውስጥ ስለጨረሰ ደረቱ ያፏጫል። ሐኪሙ ይህ ነገር እስኪያልፍ ቤትህ ተቀመጥ ብሎታል። እምቢ ሲል ቁልፉን ከእጁ ተቀብዬ ሱቁን ራሴ ዘጋሁለት።

«ደንበኞቼስ?» አለ።

«የመጣ ሁሉ እንዲደውልልህ እነግረዋለሁ። አሁን ሂድ።»

ሄደ። ወንድሜን እኔ ካልሆንኩ ማንም ቤት አያስቀምጠውም።


ረቡዕ 5

ማስክ ግዴታ ሆኗል። መተላለፊያው በሙሉ አድርጓል፣ ሜትርም እየዞረ ይቆጣጠራል። የዋጋው ሰዓት ሲደርስ ግን ሁሉም ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ ያደርጋል፣ ጎንበስ ይላል፣ ይናገራል፣ መልሶ ይሰቅላል። ዋጋ በጨርቅ ውስጥ አልፎ አይሰማም። እኔም እንዲሁ ነው የማደርገው።

ቁልፍ ሻጩ መለኪያውን በየሰዓቱ በአልኮል ሲጠርግ ከአርባ እስከ ስልሳ ያለው ቁጥር ጠፍቶበታል። «ከአርባ በታች የሚገዛ ይምጣ፣ ከዚያ በላይ በእምነት ነው» ይላል።

ሁለት ሱቅ ዝግ ነው። ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል ተባለ። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ዘመድ የናፈቃቸው።


ዓርብ 7

ዩኒፎርም ሰፊው መጣ። የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ልብስ የሚሰፋ፣ ሠላሳ ሰፊ ያለው ሰው ነው። ጨርቁን የሚወስደው ከጋሼ ነው። ዛሬ የጋሼ ሱቅ ተዘግቶ አገኘው፤ ገበር ጨርቅ ቸኩሏል።

ገበር እኔም ጋ አለ።

ዘጠኝ ጊዜ ከጆሮ ጆሮ ተመላለስን። እንዲህ ያለ ሽያጭ ከሸጥኩ ቆይቻለሁ። ከጋሼ ዋጋ ዝቅ ያልኩት ትንሽ ነው፣ ያውም ሰውየው ልሄድ ብሎ በር ላይ ስለደረሰ። ገበያ ቤቱ የተኛን ሰው አይጠብቅም። ለጋሼ ሌላ ጊዜ እነግረዋለሁ።


እሑድ 9

ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ወገቤም ተሰብሯል። የአዲሱ ጣቃ አቧራ ነው።


ሰኞ 10

አንዲት ደንበኛ ግራጫውን ጨርቅ ይዛ «ሱፍ ነው ወይስ ናይለን?» አለችኝ። ሥራዬ ነው። ክር መዘዝኩ፣ ክብሪት ጫርኩ። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ናይለን ከሆነ የቀለጠ ፌስታል። ጭሱ ወጣ፤ ምንም አልሸተተኝም። ሁለተኛ ክር። ሦስተኛ።

«እና ምንድን ነው?» አለች።

«አላውቅም» አልኳት።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ለደንበኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። መዝጊያውን ጎትቼ ለምርመራ ሄድኩ።


ማክሰኞ 11

ተይዣለሁ።

ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውሏል። የኋላውን ክፍል ለቀቀልኝና አልጋዬን መስኮቱ ሥር አዞረልኝ። ምግብ በር ላይ አስቀምጦ አንኳኩቶ ይሸሻል። «ሃያ ሰባት ዓመት የለመንኩትን ዝምታ መንግሥት ሰጠኝ» ይላል ከበሩ ማዶ።

ሜትር ደወለ። ይህ ሰው ስልክ ላይም ያንሾካሽካል።

«ለሰው ጉልበቴን አሞኝ ነው በይ።»

«ጉልበቴ ደህና ነው።»

«ስለ አንቺ ብቻ እኮ አይደለም፣ እህቴ። አንድ ሱቅ ታመመ ከተባለ ገበያው ታመመ ማለት ነው። ደንበኛ ድርሽ አይልም።»

«አሁን ድርሽ አይበል። የዳነ ደንበኛ ይመለሳል፤ የሞተ ግን ምንም አይገዛም።»

ዘጋብኝ። ወዲያው ካርቶን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «የዚህ ሱቅ ባለቤት በአዲሱ በሽታ ታማለች። ከዓርብ ጀምሮ ዋጋ የነገረቻችሁ ሁሉ ተመርመሩ።» ባለቤቴ ወስዶ መዝጊያው ላይ ለጠፈው። የሚያፍር ይፈር፤ እኔ ሌባ አይደለሁም።

ከዚያ ከጤና ቢሮ አንዲት ነርስ ደወለች። ድምጿ የልጅ ነው፣ ጥያቄዋ ግን የሽማግሌ። «ከዓርብ ጀምሮ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ያነጋገሯቸውን ሰዎች ይንገሩኝ፣ እትዬ። ሕመሙ ሳይሰማዎትም በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ሊያስተላልፉ ይችላሉ።»

ምን እየጠየቀችኝ እንደሆነ አላወቀችም። ለሌላው ሰው ከማን ጋር ተቀራርቦ እንዳወራ መናገር ቀላል ነው። ለእኛ ከማን ጋር ጆሮ እንደተዋዋስን መናገር የንግዱን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቢሆንም ነገርኳት። ሰባት ሰው፣ ከነስልካቸው።

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

ሰባት ብዙ ነው። ሌሎቹ አንድም አይናገሩ ይሆናል። ዩኒፎርም ሰፊው ደግሞ በሬ የሚያህል ጤነኛ ሰው ነው። ከመጣም ካርቶኑን ያነባል።


ሐሙስ 13

ትኩሳት። ጽሑፌ አይነበብም።

ጋሼ እኩለ ቀን ላይ ደወለ። ከሱቁ ነው የደወለው። ከሱቁ።

«ቤት ተቀመጥ አልተባልክም?» አልኩት።

«ተብዬ ነበር። ዩኒፎርም ሰፊው ትናንት ደውሎ ገበር ሌላ ቦታ በርካሽ አገኘሁ አለኝ። ደንበኛዬን ቤቴ ተኝቼ ልስደድ? ጠዋት አገኘሁት፣ አሁን ምሳ ሊበላ ወጥቷል፣ ከሰዓት ይመለሳል።»

«እ።»

«ከማን እንደወሰደ አይነግረኝም። ዋጋውን ግን ነገረኝ። አንቺ ማን ይመስልሻል?»

ራሴ እየተፈለጠ ነበር። ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። «ማስክህን አድርግ ብቻ።»

«አድርጌያለሁ። አንቺስ፣ ሕመሙ እንዴት አደረገሽ?»

ደህና ነኝ አልኩ።


ዓርብ 14

ካርቶኑን ሜትር ቀዶታል። ባለቤቴ ዛሬ ሲሄድ አጣው። መቼ እንደቀደደው ቁልፍ ሻጩን ጠየቀው፤ ረቡዕ ማታ ነው አለ። ስለዚህ ሐሙስ መዝጊያዬ ላይ ምንም አልነበረም። እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ባለቤቴ አዲስ ጽፎ ለጠፈ። አስተማሪ ነው፤ የተደመሰሰ ሰሌዳ እንደገና መጻፍ ሥራው ነው።

ጋሼ ማስክ ነበረው። ሰፊውም ቢሆን ላይዘው ይችላል። ሁሉም አይያዝም፣ ሬዲዮውም ይላል።


ቅዳሜ 15

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ምግብ አሁንም ጭድ ነው።

ጋሼ ሁልጊዜም ያስላል። ደውዬ ሳዳምጠው ሳሉ የድሮው ነው። የድሮው ይመስለኛል።

ባለቤቴ ከበሩ ማዶ ሆኖ «ምንድን ነው ደጋግመሽ የምትደውዪለት?» አለኝ።

«ወንድሜ አይደለም እንዴ?»

«ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«በሽታዬን እኮ ከተማው በሙሉ አንብቦታል።»

«እኔ ስለዚያኛው አላወራሁም» አለና ሳህኑን አንስቶ ሄደ። ምን እንደሚያውቅ አላውቅም። ስታመም እንደምቀባጥር ግን ሁልጊዜ ይነግረኛል።


እሑድ 16

ነርሷ ጋ ደወልኩ። በዓል የላትም፣ ወዲያው አነሳች።

«ስምንተኛ ሰው አለ» አልኳት።

«ማን ነው? መቼ ነበር?»

ነገርኳት። ቀኑን በአፏ ስትቆጥር ሰማኋት። ከዚያ «እሱ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ማንን እንዳገኘ ያውቃሉ?» አለች።

«ወንድሜን። ሐሙስ። ደረቱ ሕመምተኛ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ እትዬ። አሁኑኑ እደውልላቸዋለሁ።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብትጮህብኝ መልስ ነበረኝ፤ አዘጋጅቼው ነበር። አመሰግናለሁ ለሚል ሰው ግን ምን ይመለሳል።


ማክሰኞ 18

ዩኒፎርም ሰፊው ተይዟል። ከሰፊዎቹም አምስቱ። ጋሼም ተይዟል፤ ትኩሳቱ ትናንት ጀምሮታል።

ነርሷ ለማንም ከማን እንደመጣበት አትናገርም። ሕጋቸው ነው። ስለዚህ የሚያውቁት እሷና እኔ ነን።


ዓርብ 21

ጋሼን ሆስፒታል አስገቡት። ኦክስጅን ላይ ነው።

የወንድሜ ሚስት ደወለች። «ያ ሰፊ ነው ያመጣበት። አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ሸጦለት በሽታ ከፈለው። እሱን ያስያዘውን ሰው ባውቅ በጥርሴ ነበር የምቦጫጭቀው።»

«በርቺ» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁ።


ሰኞ 24

ነፃ ነሽ ተባልኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቄን ከፈትኩ። መተላለፊያው ውስጥ ስራመድ ሰዎች ወደ ጨርቃቸው ተለጠፉ። ቁልፍ ሻጩ ብቻ ቆሞ ጠበቀኝና «ጉልበትሽ ተሻለሽ?» አለኝ።

«አንተም ሰማህ?»

«ሜትር ለሁላችንም በየጆሯችን ነግሮናል።»

ነርሷ ዛሬ በአካል መጣች። አጭር ናት፣ ፋይሏ ከእሷ ይበልጣል። በረኪናውንና አልኮሉን አየች፣ አመሰገነች። ከዚያ «አሁን ደግሞ ስትሸጡ ልይ» አለች። ቁልፍ ሻጩ ሊያዝናናት ብሎ ከአንድ ደንበኛ ጋር ጀመረ። ማስኩን ዝቅ፣ ጎንበስ፣ ሹክ፣ ማስኩን ሰቀል። ደንበኛውም ዝቅ፣ ጎንበስ፣ ሹክ። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«በቀን ስንት ጊዜ?» አለች።

«ገበያ ከቀናን ሁለት መቶ።»

ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ከግድግዳው ጫፍ ያሉትን የነፋስ መስኮቶች ርግብ እንዳይገባ ብለን ከስድስት ዓመት በፊት በላስቲክ ሸፍነን ቸንክረናቸዋል። «በሽታው ጨርቁ ላይ ሳይሆን ትንፋሽ ውስጥ ነው ያለው» አለች። «አየሩ እዚህ ከቆመ ትንፋሹም እዚሁ ይቆማል። እናንተ ደግሞ ማስኩን የምታወልቁት በትክክል አፋችሁ ከሰው ፊት አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው።»

ገበያው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨርቅ ሲረጭ ከረመ።

ሜትር ግን «ላስቲኩ የማኅበሩ ንብረት ነው፣ በስብሰባ ይታያል» አላት።


ማክሰኞ 25

መሰላል ተከራየሁ። በአምሳ ሦስት ዓመቴ የጨርቅ መቀሴን ይዤ ወጣሁ፤ ላስቲኩን ከመጀመሪያው መስኮት ጀምሬ ቀደድኩት። ሜትር ከታች «ውረጂ፣ የማኅበር ንብረት ነው» ይላል። እኔ እቀድዳለሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የስድስት ዓመት አቧራ በሙሉ እሱ ላይ ወረደ። ሆን ብዬ አይደለም። ቁልፍ ሻጩ መሰላሉን ያዘልኝ፤ «እሜቴ፣ ብትወድቂ እኔ ላይ አትውደቂ፣ ደንበኛ አለኝ» እያለ። አሥራ አራቱም መስኮት ተከፈተ። ከሰዓት የተንጠለጠለው ጨርቅ በሙሉ መወዛወዝ ጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር እዚያ ቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ርግብም ገባ። ይግባ።


ረቡዕ 26

ዋጋ ሰቀልኩ። በእያንዳንዱ ጣቃ ላይ ካርቶን፣ ከሩቅ እንዲነበብ በወፍራም ቀለም። መከራከር የፈለገ ከመሸጫ ጣውላው ማዶ ቆሞ በጣቱ ያሳየኛል፣ እኔም በጣቴ እመልስለታለሁ።

እናታቸውን የሰደብኩ ያህል ተቆጡ። «ገበናችንን አደባባይ አወጣሽው» አለ ጥግ ላይ ያለው፣ ያ ጨርቁ ዝንጉርጉር የሆነበት። ሜትር ከማኅበር ትባረሪያለሽ አለኝ። በጽሑፍ ስጠኝና ከዋጋዬ ጎን ልስቀለው አልኩት።

ጋሼ ያው ነው። ሐኪሙ «አልባሰበትም» አለ። ይህ ቃል ምን ያህል ሊያኖር እንደሚችል አሁን ነው ያወቅኩት።


ዓርብ 28

የማኅበሩ ስብሰባ ግቢው ውስጥ ሆነ፣ ነርሷ ውጭ ይሁን ስላለች። ሰዉ ተራርቆ ቆመ። የወንድሜ ሚስት የጋሼን ሱቅ ወክላ መጥታለች፣ ነጠላ ጫማ ብቻ አድርጋ፤ ከሆስፒታል በቀጥታ ነው የመጣችው።

ሜትር ንግግር አደረገ። በሽታውን ወደ ገበያችን ያመጣው ዩኒፎርም ሰፊው ነው፣ የራሳችን ሰው እንዲህ አያደርግም፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ጨርቅ እንዳይሸጥለት። ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሰፊው በሩ አጠገብ ቆሟል። ያ በሬ የሚያህል ሰው ልብሱ ሰፍቶታል። «እኔ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

«እኛ ግን እናውቃለን» አለው ሜትር።

ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ስብሰባው አልቆ ሰዉ ወደ ሱቁ፣ ሰፊው ወደ ባዶ ስፌት ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ሜትር «የራሳችን ሰው» ያለው ነገር ግን አላስቀመጠኝም።

«ከእኔ ነው የያዘው» አልኩ።

አልሰሙኝም። አሁን ደግሞ ጮክ ብዬ አልኩት። «ዓርብ ሰባት ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ሱቄ ውስጥ፣ ገበር ሸጥኩለት። ዘጠኝ ጊዜ በጆሮው ተናገርኩ። ከወንድሜ ዋጋ በታች ነው የሸጥኩለት። ጤና ቢሮ ሲጠይቀኝ ሰባት ሰው ቆጥሬ እሱን ዘለልኩት። ስለዚህ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ወንድሜ ጋ ሄደ።»

ሜትር አፉን ከፍቶ መለኪያውን ይጎትታል። እኔ ቀጠልኩ፤ ከጀመርኩ አይቀር አልኩ። «አሁን እናንተም ቁጠሩ። ዘመድ ጥየቃ የሄዳችሁ፣ ጉልበታችሁን ያመማችሁ። ነርሷ እዚህ ቆማለች። ዝርዝሯን የምትፈልገው ደንበኛ ልትነጥቃችሁ አይደለም።»

የወንድሜ ሚስት በሰዉ መሃል መጣች። አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። በጥርሷ ትቦጫጭቀኝ ይሆናል ብዬ አልሸሸሁም።

«እንዳትነግሪው» አለች። «አሁን ትንፋሹን እየለቀመ ነው፣ ሌላ ነገር የሚሸከምበት አቅም የለውም። ከወጣ ግን በራስሽ አፍ ትነግሪዋለሽ። እኔ አልነግርልሽም።»

ሄደች። ከኋላዋ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ወደ ነርሷ ቀረብ ብሎ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ሲቆጥርላት አየሁት። ከዚያ ሌላው።


ሐሙስ 4

ዘጠኝ ሱቅ ዋጋ ሰቅሏል። ቁልፍ ሻጩ የእሱን ቁልፍ ደርድሮ ነው የጻፈው። ሜትር ስለ መባረሬ ከዚያ ወዲህ አላነሳም። አዲስ የታመመ ሱቅ ከተሰማ አምስት ቀን ሆነ።

ሰፊው መጥቶ ከጣውላው ማዶ ቆመ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ክር አለሽ?» አለኝ። አለኝ አልኩ። ገዝቶ ሄደ። ከዚህ በላይ አልጠበቅኩም።

ጋሼ ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ነቅሎ ሾርባ ጠጣ አሉ።


እሑድ 14

ጋሼ ትናንት ቤቱ ገባ። የኦክስጅን ማሽን አብሮት ገብቷል፣ ሐኪሙም ጠያቂ ቤት እንዳይገባ ብሏል። ዛሬ ከሰዓት ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ሙሉ ሳትከፍት በጣቷ ወደ መስኮቱ አሳየችኝ።

መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። ጋሼ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ግማሽ ሆኗል። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። እኔ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆምኩ፣ አራት እርምጃ ርቄ።

«ጋሼ፣ ለሰፊው ገበር የሸጥኩለት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አ?» አለ፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

ጮህኩ። ሌላ መንገድ የለውም። ሁሉንም ከዓርብ እስከ እሑድ ጮኼ ነገርኩት፤ ዋጋውን፣ ሰባቱን፣ ስልኩን። ሁለት ሴቶች ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመው ሰሙ። አንድ ባለብስክሌት ወርዶ ሰማ። ይስሙ። በሕይወቴ የሠራሁትን ትልቁን ነገር መንገድ ላይ እንደ ጋዜጣ ሻጭ ተናገርኩት።

ጋሼ ትንፋሹን እየጠበቀ፣ ቃል በቃል ነው የመለሰልኝ።

«ስለ ዋጋው... ነጋዴ ነሽ። እኔም ያን ዕለት ከአንቺ በታች ሰጠሁት።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ዋጋውን ሲነግረኝ... የአንቺ መሰለኝ። ዋጋ እንዲህ የሚሰብር ሌላ የለም። ጠዋት... በሩቅ ነበር ያነጋገርኩት። ምሳ ሲወጣ ደወልኩልሽ... ለዚህ ነው የደወልኩት።»

ማሽኑ ይጮሃል። ጠበቅኩት።

«አላውቅም አልሽ። ከእሷ ገዝቶ ቢሆን... ታማ ሳለች አትዋሸኝም፣ አትቅረበው ትለኛለች አልኩ። ከሰዓት ሲመለስ... ጆሮዬን ሰጠሁት።»

ትኩሳት ነበረብኝ ልለው ነበር፣ ተውኩት። ጋሼ እጁን ዘርግቶ መጋረጃውን ጎተተ፤ ቀስ ብሎ፣ ድካሙ በሚፈቅድለት ልክ። ሴቶቹ ሄዱ። ባለብስክሌቱም ሄደ።

እኔ አልሄድኩም። የወንድሜ ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ «በቃ ነገርሽው አይደል? ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ዛሬ አይከፍተውም።»

«ነገ እመጣለሁ።»

«ነገም አይከፍተው ይሆናል።»

«መጋረጃው የእሱ ነው» አልኳት፤ «መንገዱ ግን የሕዝብ ነው።»